የበጋ መንገድ

አስናቀው ረዳ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እህል ይቀምስና ከተማዋ እስከምታልቅበት ድረስ በእግሩ ይሄዳል። የመጨረሻው ቤት ጋ ሲደርስ ቆም ብሎ ያያል፤ ከዚያ ይመለሳል። ሌላ ጉዳይ የለውም። ሚስቱ መታሰቢያ ለጎረቤት ስታወራ፣ «ቡሬ ትናንት ያደረችበት ማደሯን አይቶ ካልመጣ ምሳ አይወርድለትም» ትላለች።

በ2011 ዓ.ም. አስናቀው ስድሳ ሊደፍን ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። ከዕድሜው ሠላሳ አንዱን ዓመት በማዘጋጃ ቤቱ በቀያሽ ረዳትነት አሳልፏል። ሜትር ይስባል፤ ቀይና ነጭ የተቀባውን ዘንግ ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ ችካል ይመታል። ቀያሾች ይመጣሉ፣ ሥራውን ይለምዳሉ፣ ወደ ባሕር ዳር ይዛወራሉ። እሱ ያው እዚያው ነው። እርምጃ ሲቆጥር በአዊኛ ይቆጥራል፤ መቁጠር ያስተማሩት እናቱ ናቸውና። በአማርኛ ከቆጠርክ አላፊ አግዳሚው መሐል እየገባ ያሳስትሃል፣ ይላል።

ስሙ የታወቀው ግን በሌላ ነው። ሁለት ጎረቤቶች በአጥር ሲጣሉ፣ ሽማግሌ ከመቀመጡ በፊት «አስናቀው ይጠራ» ይባላል። መጥቶ አፈሩን በዶማ ገለጥ ገለጥ ሲያደርግ፣ ከዓመታት በፊት የመታው ችካል ጉቶ እሱ «እዚህ» ካለበት ይገኛል። አንድም ቀን ዝንፍ ብሎ አያውቅም። በሕይወቱ የሚኮራበት ነገር ቢኖር ይኼ ነው።

ከቀዬው ወጥቶ የእህል ጫኝ ሆኖ ቡሬ ሲገባ፣ በገጠሩ ቀበሌ በሾላ ምንጭ በኩል የመጨረሻው ቤት የአንድ አንጥረኛ ቤት ነበር። ቀጥሎ ወፍጮ ቤቱ ሆነ። ቀጥሎ የራሱ የአስናቀው ቤት። «ሦስት ዓመት ሙሉ የቡሬ መጨረሻ እኔ ነበርኩ፤ ጅቡ እኔን ሳይሰናበት ወደ ገጠር አይመለስም ነበር» እያለ ያወራል። ከእሱ ኋላ አንድ አስተማሪ ሠራ፤ ከአስተማሪው ኋላ የአስተማሪው አማች። ዛሬ የአስናቀው ቤት መሐል ከተማ ነው፤ ደጁ ላይ ባጃጅ ይዞራል።

ከተማ እንደፈላ ወተት ዙሪያውን በእኩል እንደማይገነፍል ያወቀው በእግሩ ነው። ወደ ነቀምቴ መውጫ የእህል መጋዘኖቹ ጎተቷት። ዩኒቨርሲቲው ካምፓስ ሲከፍት ቤት አከራዩ ሁሉ ወደዚያ ዞረ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመጣ ሌላ ጎን አወጣች። በሾላ ምንጭ በኩል ግን የሚጎትታት ነገር አልነበረም፤ የገበያተኛው እግር ብቻ ነው። በዓመት አንድ ቤት፣ ሁለት ቤት እያለች ነው የሄደችው።

በዚያ በኩል የመጨረሻው ቤት የተናኜ ነው።

ተናኜ ባሏ የሞተባት፣ ወደ ሃምሳ የምትጠጋ ሴት ናት። ቤቷ ሁለት ክፍል ነው፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ሁለት በርሜል ታቆማለች፤ በርሜሎቹ ፊት ረዥም ግንድ ተጋድሟል። ክረምት ገበያ በዋለ ቁጥር ከሾላ ምንጭ የሚመጣው ሰው እዚያ ግንድ ላይ ይቀመጣል፤ እስከ ጉልበቱ የወጣውን ጭቃ በተናኜ ውኃ ይታጠባል፤ በላስቲክ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር የያዘውን ደህና ጫማ ያጠልቃል፤ የጭቃውን ጫማና ዱላውን ለእሷ ትቶ ከተማ ይገባል። ማታ ሲመለስ ይወስዳል። የውኃው ዋጋ ተተምኖ አያውቅም። አንዱ ድንች ጣል ያደርጋል፣ አንዱ ጭራሮ፣ አንዱ ምርቃት። የሾላ ምንጭ ሰው «ጭቃህን ለተናኜ፣ ፊትህን ለቡሬ» ይላል።

ጥር ላይ አዲሱን ፕላን የሚያጠና አንድ አማካሪ ድርጅት ሦስት ወጣት መሐንዲሶች ላከ። የገጠሩን ጫፍ የሚያሳያቸው ሰው ፈለጉ፤ አስናቀው ተመደበ። በመኪና ሾላ ምንጭ ድረስ ወጡ።

«አባት፣ ከዚህ ወደ ከተማ የሚያስገባው ነባር መንገድ የቱ ነው?» አለ ጂፒኤስ የያዘው።

«ተከተሉኝ» አለ አስናቀው።

ተከተሉት። ጥር ነው፤ እህሉ ታጭዷል፣ ማሳው ቃርሚያ ብቻ ነው፣ ጨፌው ደርቆ ከብት ይግጥበታል። በጥር ማንም የዚያ አገር ሰው እንደሚያደርገው፣ አስናቀው በተረተሩ፣ በከፍታው ጫፍ የሚዞረውን መንገድ ትቶ ማሳውን ሰንጥቆ ወጣ። በሰውና በከብት እግር ተደልድሎ የነጣ መንገድ ነበር። መሐል ላይ ቂርቆስ የሚባለው እኩያው በሬ እያዞረ ጤፍ ያበራያል። አውድማ ላይ ያለን ሰው ሳይመርቁ ማለፍ ነውር ነው። አስናቀው አርባ እርምጃ ወደ ቀኝ ወጣ ብሎ አውድማው ዳር ቆመና፣ «ምርቱን ያብዛው!» አለ።

«አሜን! ልጆቹንም አምጣቸው እንጂ፤ ቆሎ አለ» አለ ቂርቆስ።

ልጆቹ ጂፒኤሱን እንደያዙ መጡ፤ ቆሎ ዘገኑ፤ ከበሬዎቹ ጋር ፎቶ ተነሡ። ከዚያ ወደ መንገዱ ተመልሰው፣ ጨፌውን አቋርጠው በተናኜ ጓሮ ወጡ። አስናቀው የመስክ ቅጹ ላይ «መሪ» በሚለው ቦታ ፈረመ።

ሐምሌ ላይ ረቂቁ መጣ። የቢሮው ወጣት ፕላነር ዮርዳኖስ፣ ደሴ ተወልዳ ያደገች፣ ቡሬ ከመጣች ሁለተኛ ዓመቷ፣ ትልቁን ወረቀት ግድግዳው ላይ ስትወጥር አስናቀው የታችኛውን ጫፍ ያዘላት።

«ይቺ ክብ ምንድን ናት?» አላት።

«አደባባይ ናት፣ ጋሽ አስናቀው።»

«ማሳ መሐል?»

«ነባሩ መንገድ እዚያ ጋ ወደ ቀኝ ወጥቶ ስለሚመለስ፣ መጋጠሚያ አለ ብለው ነው። መንገዱ ራሱ ሃያ ሜትር ሆኗል። ይሄ ሰፈር ያድጋል እኮ፣ ዝም ብለው እንዳያዩት።»

መነጽሩን አወጣ። መስመሩ ከሾላ ምንጭ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ይመጣል፤ ወደ ቀኝ ይወጣል፤ ክቧን ይሠራል፤ ይመለሳል፤ በጨፌው ያልፋል፤ አንድ ቤት ላይ ይወጣል። ቤቱ ላይ ቀይ ምልክት አለ። ከጎኑ «የሚነሣ፦ 1» ይላል። ከመስመሩ እስከ ክቧ በጣቱ ለካ፤ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ በአዊኛ ቆጠረ። አርባ እርምጃ።

«ዮርዲ፣ ይቺ አደባባይ ቂርቆስን ‹ምርቱን ያብዛው› ያልኩባት ናት።»

ዮርዳኖስ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ሳቋን ዋጠችው።

«አልገባኝም።»

«ይሄ የበጋ መንገድ ነው፣ ልጄ። እህል ከተነሣ በኋላ ይወጣል፣ ማሳው ሲታረስ ይጠፋል። ክረምት ጨፌው ውስጥ በሬ ይሰምጣል። የዓመቱ መንገድ በተረተሩ ነው የሚዞረው፤ በተናኜ ደጅ ያልፋል እንጂ ቤቷን አይነካም።»

«ታዲያ ለምን በዚህ መሯቸው?»

«ጥር ነበራ!»

የፕላን ቡድኑ መሪ ሐብቴ ከኋላቸው ቆሞ ይሰማ ኖሯል። የፍኖተ ሰላም ልጅ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ የቸኮለ ሰው ነው።

«ጋሽ አስናቀው፣ ከነገ ወዲያ የሕዝብ ምክክር አለ። ከዚያ በቀጥታ ፍኖተ ሰላም፣ ዞን ነው የሚገባው። ሪፖርቱ ‹በመስክ የተረጋገጠ› ይላል። ከሥሩ የማን ፊርማ ነው?»

«የኔ።»

«እና ምን ልበል? መሪያችን ተሳስቷል ልበል? እርስዎ አንድ ጊዜ ‹ተሳስቻለሁ› ካሉ፣ በዚህ ከተማ የመቱት ችካል ሁሉ ነገ ይነቀላል። ለእርስዎ ብዬ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ፤ ስምዎን ይዘው ይውጡ።»

ሐብቴ ያለው እውነት ነበር።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። አስናቀው ማልዶ ዮርዳኖስን ይዟት ወጣ። እሷ ቢጫ ቦት ጫማ አድርጋ፣ ጃንጥላና ማስታወሻ ይዛለች። ከአውድማው በላይ ሲደርሱ ቆመ።

«እንግዲህ በወረቀቱ መንገድ ሂጂ። እኔ በተረተሩ እዞራለሁ።»

«ልሰምጥ ነው?»

«መሐንዲሶቹ አልሰመጡም፤ ደርቆ ነበር።»

ሄደች። ሃያ እርምጃ ያህል ደህና ነበር። በሠላሳው ግራ እግሯ ገባ። ስትስበው እግሯ ወጣ፣ ጫማው ቀረ። በተረተሩ የሚያልፈው ገበያተኛ ሸክሙን እንደያዘ ቆሞ ተመለከታት።

«እሜቴ! የበጋውን መንገድ በሐምሌ ማን አሳየሽ?» አለ አንዱ።

«ዝም በል፣ ትልቅ መንገድ የሚወጣው በዚያ ነው አሉ» አለ ሌላው።

«ታዲያ መርከቡ መቼ ይመጣል?»

አንዲት ሴት የያዘችውን ዱላ ሰጠቻትና ተስባ ወጣች። አንድ እግሯ በቦት፣ አንድ እግሯ በካልሲ፣ ተናኜ ግንድ ላይ ደርሳ ቁጭ አለች። ተናኜ ምንም ሳትጠይቅ ውኃ ቀድታ አቀረበችላት፤ ከገበያተኛው ጫማ መሐልም አንድ ኮንጎ መርጣ ሰጠቻት። ዮርዳኖስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት እዚያው ተቀምጣ ሰው ቆጠረች።

አስናቀው ተናኜን ለብቻዋ ወደ በርሜሎቹ ጎን ጠራት። በቀጥታ ነገራት፤ ሌላ አነጋገር አያውቅም።

«ቤትሽ ላይ መንገድ ወጥቷል።»

«ምን ዓይነት መንገድ?»

«ሃያ ሜትር።»

ተናኜ ወደ ቤቷ ዞረች። ቤቱ እስከ ኋላ ግድግዳው ሃያ ሜትር አይሞላም።

«ማን አወጣው፣ አያ አስናቀው?»

«እኔ።»

ተናኜ ጣሳውን በርሜሉ ውስጥ ነከረች።

«እግርዎን ያምጡ።»

«ተይ፣ ራሴ እታጠባለሁ።»

«ያምጡ ብያለሁ። ያወጣው ይኼው እግር ነው?»

«ይኼው ነው።»

«እንግዲያ ይታጠብ። ነገ ሰው ፊት ይቆማላ።»

በምክክሩ ቀን የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሞላ። ሐብቴ ፕላኑን አስረዳ፤ አነስተኛ ገበያ የት፣ ጤና ጣቢያ የት፣ መናኸሪያ የት እንደሚሆን በዘንግ አሳየ። ሰዉ ያጨበጭባል። የሾላ ምንጩ መስመር ላይ ሲደርስ አስናቀው እጁን አወጣ። ሐብቴ አይቶ እንዳላየ አለፈው። አስናቀው እጁን አላወረደም። እጁን አንሥቶ መቆም ሥራው ነው፤ ዘንግ ይዞ ሠላሳ አንድ ዓመት እንደዚያ ቆሟል። በመጨረሻ ከሰዉ መሐል «የሽማግሌውን እጅ አሳርፈው እንጂ!» የሚል ድምፅ መጣ።

«በዚህ በኩል መንገዱን የመራሁት እኔ ነኝ» አለ አስናቀው። «ጥር ላይ ነበር፣ በበጋው መራኋቸው። ፊርማውም የኔ ነው። ተሳስቻለሁ።»

አምላኩ የሚባለው ነጋዴ ከመሐል ብድግ አለ።

«ተሳስቻለሁ ነው ያልከው?»

«አዎ።»

«እንግዲያ በዘጠና ዘጠኝ ከእንቁ ጋር የለየኸን አጥርም ይታይልኝ!»

«ምኑ ነው የሚታየው?» አለች እንቁ ከሴቶቹ ረድፍ፣ ወንበሯን ገፍታ። «አንድ ክንድ ዘለህ የገባኸው አንተ፣ አቤት ባዩም አንተ!»

ሳቅ ተነሣ። ከሳቁ ሥር ግን ሌላ ጉርምርምታ ነበር። «የኛስ?» የሚል ድምፅ ከሁለት ሦስት ቦታ ተሰማ። ሐብቴ አስናቀውን «አላልኩዎትም?» በሚል ዓይን አየው። የአስናቀው ጆሮ ጋለ።

«አምላኩ፣ ነገ ጠዋት ዶማ ይዤ እመጣለሁ» አለ። «ችካሉ ካልኩበት ካልተገኘ እኔን እዚያው ትከለኝ። የማንም አጥር ቢሆን እመጣለሁ። ያ ሌላ ነው፤ ያን በሜትር ነው የለካሁት። ይሄን ግን በእግሬ ነው የመራሁት፣ እግሬ ደግሞ የጥር እግር ነበር።»

ቂርቆስ ከኋላ ተነሣ።

«እኔ እንኳ አውድማዬ ላይ አደባባይ መውጣቱን አልጠላሁም» አለ። «ብቻ መኪናው ሁሉ በዞረ ቁጥር ‹ምርቱን ያብዛው› ይበለኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሐብቴ ራሱ አፉን በወረቀት ሸፈነ። ዮርዳኖስ ያን ጊዜ ማስታወሻዋን ይዛ ቆመች።

«ትናንት በሦስት ሰዓት ውስጥ በተረተሩ የመጣ ሰው አራት መቶ አሥራ ሁለት ነው። አህያውን አልቆጠርኩም።»

«በረቂቁ መስመርስ?» አለ ሐብቴ።

«አንድ ሰው። እኔ ነኝ። ጫማዬ አሁንም እዚያው ነው።»

ተናኜ እስከዚያ ከበሩ ጥግ ቆማ ነበር። እንድትናገር የጠየቃት የለም፤ ነጠላዋን አስተካክላ በራሷ ጀመረች።

«እኔ መንገድ አይምጣብኝ አላልኩም። ይምጣ። በደጄ ይምጣ እንጂ በምድጃዬ አይምጣ ነው የምለው።»

ሐብቴ ወደ ወረቀቱ ዞረ። ከዚያ እስክሪብቶውን አውጥቶ የሾላ ምንጩ መስመር ላይ ሰፊ ክብ አደረገና ከጎኑ «ተመልሶ ይለካ» ብሎ ጻፈ። «ከዞኑ አሥር ቀን እጠይቃለሁ» አለ፤ «ከአሥር ቀን በላይ ግን ብትገድሉኝ አልለምንም።»

በማግስቱ የአምላኩ አጥር ተቆፈረ። ግማሽ ሰፈር ቆሞ አየ። ጉቶው ከእንቁ ጌሾ ሥር፣ አስናቀው «እዚህ» ያለበት ተገኘ። አምላኩ እጁን ዘረጋና፣ «እኔ እንኳ ለነገሩ ያህል ነው» አለ። ሌላ አጥር የጠራ ሰው አልነበረም።

በሳምንቱ መስመሩ እንደገና ተለካ። ዮርዳኖስ ጂፒኤሱን ይዛ ተከተለችው፤ አስናቀው በጭቃው፣ በተረተሩ ላይ ፊት ፊት ሄደ። ወደ ቀኝም ወደ ግራም አላለም። ሰው ከማሳው ሰላም ሲለው በእጁ ብቻ መለሰ። የቂርቆስ ሚስት «ግቡ፣ እህል ቅመሱ» ብላ ብትጣራ አንገቱን እንኳ አላዞረም። በዚያ ሰሞን ሾላ ምንጭ ውስጥ፣ አስናቀው ጡረታው ሲደርስ ኮራ፣ ተብሎ ተወራ። ወሬው ጆሮው ደረሰ። «ይበሉ፤ ሁለተኛ አደባባይ ከምሠራ ቢያሙኝ ይሻላል» አለ።

አዲሱ መስመር የተናኜን ቤት አልነካም። ከአጥሯ ሁለት ሜትር ወሰደ። የዚያን ወሰን ችካል ነሐሴ መጨረሻ ላይ የመታው ራሱ ነው፤ የመጨረሻ ችካሉ ነበር። ተናኜ በርሜሏን ተደግፋ ትመለከተዋለች።

«መንገዱ ገረጋንቲ ከለበሰ ጭቃ የለም» አለች። «ጭቃ ከሌለ ደግሞ ማን እግሩን ይታጠባል?»

አስናቀው ችካሉን ሁለት ጊዜ መታው።

«ጭቃው ይርቃል እንጂ አይጠፋም። ከአንቺ ወዲያ ሌላ ቤት ይሠራል፣ የመጨረሻው ቤት እሱ ይሆናል። እኔም ሄዶብኛል።»

«ሲሄድብዎት ምን አደረጉ?»

«እሑድ እሑድ እየሄድኩ አየዋለሁ።»

«እኔስ እንኳን ለእሑድ ለሌላውም ቀን ጊዜ የለኝ» አለችና የውኃ መቅጃዋን ልታመጣ ገባች።

በቀጣዩ ጥር የተረተሩ መንገድ ቀይ ገረጋንቲ ለብሶ ነበር። ከተናኜ ማዶ የሁለት ቤት መሠረት ወጥቷል፤ እሷም አንደኛውን በርሜል ለግንበኞቹ ታከራያለች። አንድ ማክሰኞ ጡረተኛው አስናቀው ጡረታ ሲወጣ የተሰጠውን ዘንግ ትከሻው ላይ አጋድሞ ከሾላ ምንጭ ሲመለስ፣ ዮርዳኖስ ከአዲሱ ረዳቷ ጋር ተረተሩ ላይ ቦይ ትለካ ነበር። ከታች፣ ቃርሚያው መሐል፣ በነጣው መንገድ ቀጥ ብሎ ሲሄድ አየችው።

«ጋሽ አስናቀው! መንገዱ እኮ እዚህ ነው!»

ሳይዞር ዘንጉን ከፍ አድርጎ አሳያት። ሄደ፤ ሄደና ወደ ቀኝ ወጣ። ቂርቆስ በሬዎቹን እያዞረ ነበር።

«ምርቱን ያብዛው!»

«አሜን» አለ ቂርቆስ። «ዛሬስ ያ መሣሪያ የያዘ ሰው አልተከተለህም?»

አስናቀው ዞር ብሎ ኋላውን አየ። ማንም አልነበረም። ቁጭ አለና ቆሎ ዘገነ።